ኔትወርክ በሌለበት የመምህራን ስልጠና፦ ኮሊብሪን በአሰልጣኝ ዓይን ስንመዝነው

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች፣ "የመምህራን የቴክኖሎጂ ስልጠና" ሲባል አዳራሹ ብዙ ጊዜ አንድ መልክ አለው። ከፊት አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ተናጋሪ፤ ከኋላ ስድሳ ሰባ ሰው ደብተሩን ይዞ ተቀምጧል። ሁለት ቀን ይደመጣል፣ ውሎ አበል ይፈረማል፣ ሁሉም ወደየወረዳው ይበተናል። መምህሩ ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ የሚያደርገው የቀድሞውን ነው፤ በሁለቱ ቀናት እጁ ምንም አልነካምና።

ቪዲዮ፣ መልመጃና መጽሐፍ ያለ ኢንተርኔት ለማስተማሪያ የሚያቀርበውን ኮሊብሪ የተባለ ሶፍትዌር የምንመዝነው ይህን ልማድ ለመስበር ይረዳል ወይ ብለን ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ ለጎጃም ገጠር ትምህርት ቤት የሚስማማም ነው። ጭኖ ማስነሳቱን ኮምፒውተር የለመደ ሰው በግማሽ ቀን ይይዘዋል። አሰልጣኙን ግን ከ3 ቀን ባነሰ ጊዜ አዘጋጅቶ መምህራን ፊት ማቆም አይገባም፤ ከ3ቱ ቀን ሶፍትዌሩን ለማወቅ የሚውለውም 1 ብቻ ነው።

ምንድን ነው?

ኮሊብሪን የሚያዘጋጀው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባል አሜሪካ የሚገኝ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ያለ ኢንተርኔት የሚያሳይ ኬኤ ላይት የተባለ ሶፍትዌር ሠርቶ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ኮሊብሪ ተከተለው። ነጻ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስ፣ በማክ፣ በአንድሮይድና ራስበሪ ፓይ በምትባለው የእጅ መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ላይ ይጫናል።

አንዱ ማሽን ሰርቨር ይሆናል፤ ቪዲዮው፣ መልመጃው፣ መጽሐፉ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል። የቀረው ሰው በስልኩ ወይም በላፕቶፑ የዋይፋዩን ስም መርጦ ብራውዘር ይከፍትና ይገባል። ስልኩ ላይ የሚጫን ነገር የለም፤ ከሞባይል ሂሳቡም ሳንቲም አይቆረጥም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አሰልጣኙ ገና ሲጀምር ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ካልተናገረ ግማሹ ሰልጣኝ "ዳታዬ ያልቃል" ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም።

ያለ ኢንተርኔት መሥራት ለእኛ አካባቢ ዋናው ቁም ነገር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በቀጥታ መስመር ጥያቄና መልስ የሚያጫውቱት መተግበሪያዎች ሁሉ ለአሰልጣኝ ምንም አይፈይዱም ነበር። ኔትወርኩ ባለበት ጊዜም ቢሆን ከቢቸና ወይም ከሞጣ ከተማ ወጣ ተብሎ ሠላሳ ስልክ በአንድ ጊዜ ይሠራል ብሎ ማቀድ ቁማር ነው።

ቦርሳው ውስጥ የሚገባው

ለ30 ሰልጣኝ ሁለት አሰልጣኝ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲመራ ሌላው በወንበሮቹ መካከል ይዞራል። መሣሪያ ደግሞ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ከማደል ይልቅ ይህንን እንመርጣለን፤ ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ሲያጎነብስ ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ ያልገባውን ጎን ለጎን ይጠይቃል።

ሰርቨሩ ራስበሪ ፓይ 4 ከሆነ 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኪስ የወጣ የስልክ ቻርጀርና ቀጭን ገመድ ማሽኗን ያስነሳታል፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው ሲገባ ግን ጉልበት ያንሳታል፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ይወጣል፣ ከዚያ ራሷን አጥፍታ ትነሳለች። ሰልጣኙ የሚያየው "ገጹ አይከፍትም" የሚለውን ብቻ ነው። ጥሩ ፓወር ባንክ ለዚህ ይረዳል። 20,000 ሚሊ አምፔር አወር የሚለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት አወር ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 55 ገደማ ይቀራል፤ ማሽኗ 6 ዋት ብትወስድ እንኳ 9 ሰዓት ያቆያታል። ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ራውተር ግን ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ስለሆነ ከዚያው ፓወር ባንክ በቀጥታ አይሠራም፤ ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ቆሞ ራውተሩ ከሞተ ለሰልጣኙ ሁለቱም ሞተዋል።

የራስበሪ ፓይ ሁለተኛ ጣጣ ሚሞሪ ካርዷ ነው። በወጉ ሳትዘጋ መብራት ደጋግሞ ሲቆረጥባት ካርዱ ይበላሻል። ስለዚህ የተሞላውን ካርድ ሙሉ ቅጂ በሌላ ካርድ ላይ አድርጎ በቦርሳ መያዝ ግዴታ ነው፤ የመቀየሪያው ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ጣጣ ሰዓቷ ነው። ራስበሪ ፓይ 4ም ሆነች ከእሷ የቀደሙት ሲጠፉ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፤ ኢንተርኔት ከሌለ በተነሱ ቁጥር ቀኑን ይሳሳታሉ። የተማሪው ውጤት ባለፈው ወር የተሠራ መስሎ ሲወጣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ለጀማሪ የምንመክረው ትምህርት ቤቱ ያለውን አንድ ደህና ላፕቶፕ ሰርቨር ማድረግ ነው። የራሱ ባትሪ አለው፣ ሰዓቱን አይረሳም፣ የሚጠግነውም ሰው ቅርብ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስቀድሞ ይስተካከል፦ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ከሌላ መሣሪያ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደው የዊንዶውስ ፋየርዎል ደግሞ ኮሊብሪን እንዲያሳልፍ። ፋየርዎሉ ሳይፈቅድ ሲቀር ላፕቶፑ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ስልኮቹ ላይ ግን ምንም አይመጣም። አሰልጣኝን በሰው ፊት ከሚያስጨንቁ ብልሽቶች ዋናው ይህ ነው፤ መፍትሔው ግን የ1 ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰርቨሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ ያገናኙ። ገመዱ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ቀለም፣ ለኢንተርኔት መስመር በተተወው ቀዳዳ ሳይሆን ከአራቱ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች በአንዱ ይግባ። ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ አድራሻ (ስልኮቹ እሱን የሚያገኙበት ቁጥር) ይያዝለት፤ አለበለዚያ ትናንት ታትሞ የተሰጠው አድራሻ ዛሬ አይሠራም። ዘወትር የሚረሳው የአድራሻው መጨረሻ ነው፤ ከአይፒው ቀጥሎ ሁለት ነጥብና 8080 (:8080) መጻፍ አለበት።

ይዘቱን መጫን

ኮሊብሪ ላይ ትምህርቱ የሚመጣው "ቻናል" በሚባል ጥቅል ነው። የካን አካዳሚ የእንግሊዝኛ ቻናል ሙሉውን ሲወርድ በብዙ አሥር ጊጋ የሚቆጠር ነው፤ ሙሉውን ማውረድ ግን አያስፈልግም፤ ምዕራፍ እየመረጡ መጫን ይቻላል። የእኛ ምክር አንድ ሰው ጥሩ መስመር ባለበት፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ፣ አንድ ጊዜ አውርዶ ከኮሊብሪው ራሱ ወደ ሃርድ ዲስክ እንዲያወጣው ነው። የወጣው ነገር አንድ ትልቅ ፎልደር ሆኖ ይቀመጣል፤ የፎልደሩን ስም መቀየር ወይም ውስጡን መከፋፈል አይገባም፤ ከተነካ ቀጣዩ ማሽን አያገኘውም። ከዚያ በኋላ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ደብረ ኤልያስ ያለው ሰርቨር ያለ ኢንተርኔት ከዲስኩ ይቀዳል።

አሁን ወደ ዋናው ድክመት እንምጣ፤ ቋንቋው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ችግሩ ይቀላል። በታችኛው ክፍል ግን ልጁ የሚማረው በአማርኛ ነው፤ በአዊ ዞን ደግሞ በአዊኛ የሚያስተምሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። እንግሊዝኛ የሚናገር ቪዲዮ ይዞ ለ4ኛ ክፍል መምህር "ይኸው ቴክኖሎጂ" ማለት መምህሩንም ልጁንም መበደል ነው።

ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ቃል የማያበዛ ይዘት መምረጥ ነው። ከኮሊብሪ ቻናሎች አንዱ ፌት የሚባለው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን የተጀመረው የሳይንስና የሒሳብ ማስመሰያ ስብስብ ነው። የኤሌክትሪክ ዑደቱን ብንወስድ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ በጣት እየተጎተተ ይገጣጠማል፤ ለመሥራት እንግሊዝኛ ማንበብ አያሻም። ለስልጠና ከዚህ የተሻለ መክፈቻ አላገኘንም። ለሰልጣኞቹ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፦ "ሁለት አምፖል አብሩ፤ አንዱን ስትነቅሉት ሌላው መጥፋት የለበትም።" ከዚያ ዝም ማለት ነው። አንዱ ጥንድ ሽቦውን ባትሪው ላይ በቀጥታ ያዞረዋል፣ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል፣ ክፍሉ ይስቃል። ጎበዝ አሰልጣኝ በዚህች ቅጽበት "ተሳስታችኋል" አይልም፤ "ለምን ተቃጠለ?" ብሎ ለሁሉም ይጠይቃል። ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ ደረቅ ባትሪ፣ የመዳብ ሽቦና የባትሪ መብራት አምፖል ቢኖር ደግሞ መምህሩ ስክሪኑን ከቤተ ሙከራው ጋር ያገናኘዋል።

ሁለተኛው መውጫ የራስን ይዘት መሥራት ነው። ኮሊብሪ ስቱዲዮ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ የራስን ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ መጫንና ምርጫ፣ እውነት ሐሰት፣ እንዲሁም የቁጥር መልስ ያላቸው ጥያቄዎችን መጻፍ ይቻላል። ጥያቄው በአማርኛ ቢጻፍ ችግር የለውም። ለአንድ ሰው በመነሻው የሚሰጠው ቦታ 500 ሜጋ ነው፤ ቪዲዮ በ480 ጥራት ቢጨመቅ በደቂቃ 5 ሜጋ ገደማ ስለሚይዝ 100 ደቂቃ ያህል ይበቃል። የመማሪያ መጽሐፍ ሲጫን በስካነር የተነሳውን ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ፋይል አትጫኑ፤ ርካሽ ስልክ ላይ እያሽከረከረ ይቀራል። በምዕራፍ ይከፈል። ስቱዲዮው ራሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይህ ከስልጠናው ሁለት ሳምንት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሰልጣኙን ማዘጋጀት

ድርጅቱ ለአሰልጣኞች ያዘጋጃቸው ነጻ መምሪያዎች አሉ፤ ለመሣሪያ ምርጫና ለአጠቃላይ ዕቅድ ጠቃሚ ናቸው። የእኛን አዳራሽ ግን አያውቁትም። ለምሳሌ የመምህራን ስልጠና የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የጎጃም ክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የላፕቶፕ ድምፅ ቀርቶ የሰው ድምፅም አይሰማም። ከሰዓት በኋላ የቪዲዮ ክፍለ ጊዜ ያስቀመጠ አሰልጣኝ ዝናቡ ሲመጣ ቆሞ ይቀራል። ከሰዓቱ በእጅ ለሚሠራና ለጥንድ ውይይት ይተው፤ ድምፅ የሚፈልገው ነገር ጠዋት ይሁን። መጋረጃ በሌለው መስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባ ደግሞ ደካማ ፕሮጀክተር ነጭ ግድግዳ ብቻ ያሳያል፤ የብርሃን ጉልበቱ 3,000 ሉመን የማይሞላ ከሆነ ስክሪኑን ከመስኮቱ ተቃራኒ ጥግ ማድረግ ያስፈልጋል።

የ3 ቀኑ የአሰልጣኞች ዝግጅት እንዲህ ቢሆን ይሻላል እንላለን። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ አሰልጣኝ ከባዶ ማሽን ተነስቶ ኮሊብሪን ይጭናል፣ ከዲስክ ይቀዳል፣ ክፍል ይፈጥራል፣ ተማሪ ያስገባል፣ ትምህርትና ፈተና ያዘጋጃል። ሲጨርስ ሁሉንም አጥፍቶ አንድ ጊዜ ይደግመዋል። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ማወቁ የሚታየው።

ሁለተኛው ቀን ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ አሰልጣኝ ከራሱ የትምህርት ዓይነት አንድ ምዕራፍ መርጦ የተግባር ካርድ ይጽፋል፤ ግማሽ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ከ5 ያልበለጠ እርምጃ፣ መጨረሻው ላይ አንድ የሚያወያይ ጥያቄ። የኮሊብሪ ምናሌዎች በእንግሊዝኛ ስለሚታዩ ካርዱ ላይ ቁልፉ የት እንዳለ በሥዕል ይጠቆም። "ከዚያ የላይኛውን ቀኝ ጥግ ይንኩ" የሚለው ሐረግ ብቻውን አይበቃም፤ መምህሩ ስልኩን ሲያዞረው ጥጉ ይቀየራል።

ሦስተኛው ቀን የልምምድ ማስተማር ነው። አንድ ሰው 12 ደቂቃ ያስተምራል፣ 8 ደቂቃ ይታረማል። 12 አሰልጣኝ ካለ ይህ ብቻ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ 24 ከሆኑ በሁለት ክፍል መከፈል አለባቸው። ብዙ አዘጋጆች ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ "ሁሉም ይለማመዳል" ብለው ይጽፉና ሦስት ሰው ከተለማመደ በኋላ ሰዓት አለቀ ይላሉ። ልምምዱ ሳይሆን መክፈቻ ንግግሩ ይጠር። የጎጃም የቅኔ ተማሪ መንገዱን ሰምቶ ብቻ አይሄድም፤ ራሱ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይናገራል፣ መምህሩም እዚያው ያርመዋል። ይህን ሥርዓት በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ያቆየ አገር ለአሰልጣኞቹ ስላይድ ብቻ ማሳየቱ ያሳዝናል።

ከሰዓት በኋላ የብልሽት ልምምድ ይቀጥላል፤ ከዝግጅቱ ሁሉ የምንወደው ክፍል ነው። መሪው ሆን ብሎ አንድ ነገር ያበላሻል፤ አንዱ አሰልጣኝ 5 ደቂቃ ተሰጥቶት ያገኘዋል፤ ሌላው በዚያች 5 ደቂቃ ሰልጣኙን በወረቀት ሥራ ይይዛል። ሊለማመዷቸው የሚገቡ ብልሽቶች እነዚህ ናቸው።

ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶ ገጹ ግን አይከፍትም። አንድሮይድ ስልክ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል። ዳታው ይጥፋ፤ "ኢንተርኔት የለም፣ ልቀጥል?" ሲል ቀጥል ይባል። ዳታ ጠፍቶም ገጹ እምቢ ካለ መምህሩ አድራሻውን የጻፈው ብራውዘሩ ላይ ሳይሆን የፍለጋ ሳጥን ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ብራውዘሩ አድራሻውን ደህንነቱ ወደተጠበቀው ዓይነት ቀይሮት ይሆናል። ከአይፒው በፊት "ኤችቲቲፒ" ያለ "ኤስ" (http://) ተጽፎ ይሞከር። በጣም ያረጀ ብራውዘር ያለው ስልክ ግን ጨርሶ አይሠራም፤ ከባለቤቱ ጋር መታገል ትቶ ከጎረቤቱ ጋር ማጣመር ነው።

መምህሯ ገብታለች፤ የምታየው ግን ባዶ ገጽ ነው። በኮሊብሪ የክፍል መምህር ለመሆን ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ የአባልነት ዓይነቷ መቀየሩና ክፍሉ ላይ መመደቧ። ሁለተኛው ዘወትር ይረሳል። በተማሪ በኩል ደግሞ ትምህርቱ ተዘጋጅቶ "የሚታይ" ካልተደረገ፣ ፈተናውም "ጀምር" ካልተባለ ምንም አይደርሳቸውም። አንድ አሰልጣኝ ይህን ሳያውቅ ራውተር ሲነቅልና ሲተክል ግማሽ ሰዓት ሊያቃጥል ይችላል።

ቪዲዮው ይቆራረጣል። 30 ሰው በአንድ ጊዜ በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት የሚፈልግ ቪዲዮ ቢከፍት 60 ሜጋ ቢት ማለት ነው፤ የቤት ራውተር በተጨናነቀ ክፍል ይህን ላያወጣው ይችላል። ቪዲዮውን አንዴ በፕሮጀክተር አሳይቶ ስልኮቹን ለመልመጃና ለማስመሰያው መተው ነው።

ለመግባት ጊዜ እንዳይባክንም አስቀድመው የሰልጣኞቹን ዝርዝር በሲኤስቪ (ከኤክሴል ሊወጣ በሚችል የሠንጠረዥ) ፋይል ያስገቡ፤ ተማሪ ሆኖ ለሚገባው የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ማስተካከያ ያጥፉት። 30 ሰው የይለፍ ቃል እየፈጠረና እየረሳ ጠዋቱ እንዲሄድ አይፈቀድ።

የመጀመሪያው ሰዓት

የመክፈቻ ንግግር ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ ቀጥሎ እጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ መምህራኑ ተማሪ ሆነው ይግቡ፤ መልመጃ ይሥሩ፣ ይሳሳቱ፣ ፈተና ይውሰዱ። ከሻይ በኋላ አባልነታቸው ወደ መምህርነት ተቀይሮ የራሳቸውን ውጤት ከመምህሩ ወገን ይዩ፤ የትኛው ጥያቄ ብዙ ሰው እንደጣለ ኮሊብሪ ለይቶ ያሳያል። መምህራን ወደ ስክሪኑ ቀረብ የሚሉት እዚህ ላይ ነው። "ይህን ጥያቄ ሁላችንም የሳትነው ለምንድን ነው?" የሚለው ክርክር የስልጠናው እምብርት ነው፤ 30 ደቂቃ ይሰጠው።

ጠንካራው ሕግ አሰልጣኙ የሰልጣኙን ስልክ ወይም ማውዝ እንዳይነካ የሚለው ነው። ሲቸኩሉ ቀምቶ ነክቶ መመለስ ይቀላል፤ መምህሩ ግን "እኔ አልችልም" የሚለውን ብቻ ይማራል። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ጣታቸው ሲያመነታ፣ አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይንኳት፤ ምንም አይበላሽም" ይበል፤ ከዚያ ይጠብቅ። በሰው ፊት "እርስዎ ይምጡና ያሳዩን" ብሎ ያልለመዱትን ማስነሳት ነውር ነው። በስልክ የበረቱ ወጣት መምህራን ቀድመው ስለሚጨርሱ በረዳትነት ይመደቡ፤ ለእነሱም የእጅ ሕጉ ይነገራቸው።

ሌላው ሊዘጋጁበት የሚገባ ነገር ትዝታ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ፕላዝማ ሲገባላቸው መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ፤ ስክሪኑ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ "ገባችሁ?" ለማለት እንኳ ፋታ የለም። ያን ያዩ መምህራን አዲስ ሳጥን ሲያዩ ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው። መልሱ ማድነቂያ ንግግር አይደለም። ቪዲዮውን መሃል ላይ አቁመው፣ ሁለት መልመጃ ጥለው፣ ሦስተኛውን ከራሳቸው ጨምረው አዲስ ትምህርት እንዲያቀናብሩ ማድረግ ነው። ኮሊብሪ ይህን ይፈቅዳል፤ ከሁሉ በላይ የምናመሰግነውም ለዚህ ነው።

ስለ ውጤት ዘገባው የሚነሳ ጥያቄም አለ፦ "ይህ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሄዳል ወይ?" አሰልጣኙ ማወቅ ያለበት፣ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ሁሉንም ያያል። ስለዚህ ከርዕሰ መምህሩና ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ዘገባው ለማስተማሪያ ብቻ እንደሚውል በእነሱ አንደበት እንዲነገር ማድረግ ነው። አሰልጣኙ በራሱ ቃል መግባት አይችልም።

ኮሊብሪ የማይሠራቸውም አሉ። መምህሩ አማርኛ ጽፎ የፈተና ወረቀት የሚያዘጋጅበት አይደለም፤ የድርሰት መልስም አያርምም። የሂሳብ መምህር ግራፍ መሳል ከፈለገ ጂኦጀብራ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራለታል። ዊኪፒዲያን በሙሉ ይዞ መዞር ለሚሻ ኪዊክስ አለ። ሁሉንም በአንድ ስልጠና ማጨቅ ግን አይገባም፤ በሁለት ቀን አንድ መሣሪያ ይበቃል።

ከስልጠናው በኋላ

መሣሪያው ለትምህርት ቤቱ ሲሰጥ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ቁልፉን የያዘው ሰው ወረዳ ሲሄድ ትምህርቱም ይቀራል። ሥልጠናው ሳያልቅ ሰርቨሩ በሞዴል 22 በአንድ መምህር ስም ወጪ እንዲሆን፣ ሁለተኛ ሰውም በወጉ መክፈትና መዝጋት እንዲያውቅ ይስማሙ። አንዱ ሲዛወር ሌላው ይኖራል።

ክትትሉ ከ2 ሳምንት በኋላ በጉድኝት ማዕከሉ ይሁን፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። መምህራኑ አንድ ነገር ይዘው ይምጡ፦ ክፍላቸው ውስጥ የሞከሩትን አንድ ትምህርትና ተማሪዎቹ የጣሉትን አንድ ጥያቄ። አሰልጣኙ ትርፍ ሚሞሪ ካርዱን፣ ሃርድ ዲስኩንና የተግባር ካርዶቹን ይዞ ይሂድ። የተበላሸውን እዚያው ይቀይር፤ ያልሞከረ መምህር ካለ ደግሞ ከሞከረው ጋር አጣምሮ በዚያው ዕለት አንድ ትምህርት ያዘጋጁ።